በየትኛው እጅህ?

የመስታወት ሠራተኞች ለጀማሪ መጀመሪያ የሚያስተምሩት መቁረጥን አይደለም፤ መልቀቅን ነው። «መስታወት ከእጅህ ካመለጠ ተወው፤ እጅህን ሰብስበህ ወደ ኋላ ዝለል» ይሉታል። መስታወት ይተካል፤ ጣት ግን አይተካም። ይህን ሕግ ሙጫው ከማንም በላይ ያውቀው ነበር። ስንቱን ጀማሪ ጆሮውን ይዞ ያስተማረው እሱ ነው።

ሙጫው የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። አንዴ የያዘውን ነገር አይለቅም። ክርክር ከያዘ አይለቅም፣ ቂም ከያዘ አይለቅም፣ ሥራ ከጀመረ ደግሞ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲበተን እሱ እንዳቀረቀረ ይቀራል። የሰው እርዳታ መቀበልማ ሞቱ ነው። አባቱ በልጅነቱ ጥሎት ከሄደ ወዲህ እናቱን ያስተዳደረ እሱ ስለሆነ፣ «እጄ ይኑር እንጂ ማንንም አልለምንም» ይላል።

«እግዚአብሔርንም ጭምር?» ትለዋለች እናቱ።

«እሱ እጅ የሌላቸውን ይርዳ። እኔን ይለፈኝ።»

እንዲህ ብሎ ይስቅ ነበር። እናቱ ግን አብራው ስቃ አታውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፍቅር ሲይዘው አስቡት። የያዘችው የጥርስ ሐኪም ነች፣ ያውም የባለ ሕንጻው ልጅ። አባቷ አዲስ ባስገነቡት ሕንጻ ምድር ቤት ክሊኒኳን ልትከፍት ስትዘጋጅ፣ የመቀበያ ክፍሉን የሚለይ የመስታወት ግድግዳ እንዲገጥም እሱ ተጠራ። ሜትሩን ዘርግቶ ሲለካ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «ጥርስህን ትነክሳለህ» አለችው።

«ማንን ነከስኩ?»

«ራስህን። አገጭህ ያስታውቃል። እንዲህ እያፋጨኸው ስንት ጊዜ የሚቆይልህ ይመስልሃል?»

«እስኪያልቅ ድረስ ነዋ።»

ሳቀች። የሳቀችው ሙያዋን ረስታ፣ አፏን ሳትሸፍን፣ ከልቧ ነበር። ከዚያ በኋላ የዚያን ግድግዳ ልክ ስንት ጊዜ ደጋግሞ እንደለካው የሚያውቀው ሜትሩ ብቻ ነው። ገና ባልተከፈቱ ካርቶኖች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳቦ ተካፍለው እየበሉ፣ እሷ ስለ ሰው አፍ፣ እሱ ስለ መስታወት እያወሩ ከረሙ። ግድግዳው ተገጥሞ ባለቀ ማግስት አባቷን ሊያናግራቸው ተማማሉ። አባትየው ከድህነት ተነስተው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። እጃቸውን ለሰው የሚዘረጉት ለመስጠት እንጂ ለመቀበል አይደለም። ልጃቸውን ለማን እንደሚድሩ ደግሞ በልባቸው ከወሰኑ ቆይተዋል።

ትልቁ መስታወት በገባ ዕለት ሙጫው ከፊት፣ ጓደኛው ከኋላ ሆነው ተሸክመውታል። አባትየው ደረጃው ላይ ቆመው «መስታወቷን ከጣላችኋት እኔን ጣላችሁኝ ማለት ነው!» ብለው ቀለዱ። በዚህ መሀል ልጅቷ ከውስጥ ወጣችና፣ አባቷ መኖራቸውን ሳታይ፣ «ሙጫዬ!» ብላ ተጣራች።

ዞር አለ። እግሩ መሬት ላይ የተተወ ጣውላ መታው፤ መስታወቱ አጋደለ። ጓደኛው በደንቡ መሠረት ለቀቀና ወደ ኋላ ዘለለ። ማንም ጤነኛ የመስታወት ሠራተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። ሙጫው ግን ያዘው።

* * *

የቀኝ መዳፉ ጅማቶች ተቆርጠው ነበር። ሐኪሞቹ ሰፉለት። «ጣቶችህ ይታጠፉ ይሆናል፤ ላይታጠፉም ይችላሉ። ጊዜና ብርታት ይጠይቃል» አሉት። ብርታትስ አይጎድለኝም አለ በልቡ። ፋሻው ሲፈታ ግን ጣቶቹን እጠፋቸው ቢባል የሌላ ሰው ጣቶች ይመስል አልታዘዙትም። ያን ጊዜ ሰማይ ተደፋበት።

እሷ ልትጠይቀው መጣች። አልጋው ግርጌ ቆመች፤ ዓይኗ ካበጠው እጁ ላይ አልነሳ አላት። «ባልጠራህ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና እንባ ቀደማት። እሱ እንባው ሊያመልጠው ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሷ ጥፋተኛ ነሽ ያላት መሰላት። እሱ ደግሞ ስቅስቅ ስትል ሲሰማ፣ አዘነችልኝ፣ ከእንግዲህ በሷ ዓይን ምስኪን ነኝ ብሎ ቅስሙ ተሰበረ። አንድ ቃል ቢነጋገሩ የሚፈታ ነገር ነበር፤ ግን አልተነጋገሩም። በሌላ ቀን ስትመጣ እናቱን በር ላይ አቁሞ «ተኝቷል በያት» አለ። ዓይኑ ፈጦ ኮቴዋ በኮሪደሩ እየራቀ ሲሄድ ሰማው። ከእጁ ይልቅ ያ ኮቴ አመመው።

ከጎኑ ባለው አልጋ ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ዳሌያቸው የተሰበረ ሽማግሌ ሹፌር ተኝተው ነበር። እኚህ ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ቀኑን ሙሉ ውሃ አቀብሉኝ፣ ትራሴን አስተካክሉልኝ፣ መስኮቱን ክፈቱልኝ ነው። እሱንም አንድ ቀን «እስኪ ልጄ፣ በዚያች በግራህ ጀርባዬን እከክልኝ» አሉት። ሙጫው እያከከ፣ ነገሩ ስላናደደው፣ «አባባ፣ አያፍሩም እንዴ?» አላቸው።

«ለምን አፍራለሁ? አንተ ሕፃን ሳለህ አፍረህ ጠብተሃል?»

«ያኔማ ሕፃን ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን የሆንክ መስሎህ ነው?» ብለው ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቀዝቀዝ አለ። «እኔ ዕድሜዬን መሪ ይዤ ነው የጨረስኩት። ጭጋጉን፣ ገደሉን፣ ጭቃውን ሁሉ አልፌ ሰውን ቤቱ ሳደርስ ‹እጅህ ይባረክ› ይሉኝ ነበር። እኔም እጄ ነው ብዬ አመንኩ። እዚህ ከተኛሁ በኋላ ሳስበው ግን፣ ስንት ጊዜ መሪው ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ መንገዱን ሳልስት እንደነቃሁ ትዝ አለኝ። ያን ጊዜ ማን ነበር የያዘው?»

«መኪናውን የገለበጠውስ? እሱም እግዚአብሔር ነው?»

«የገለበጥኩትማ እኔ ነኝ፤ በፍጥነቴ። ያወጣኝ ነው እሱ።»

ሽማግሌው ጸሎታቸውም እንደ ወሬያቸው አጭር ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታዬ፣ እኔ አልቻልኩም፤ አንተ ቻለኝ» ይላሉ፤ አበቃ። ሙጫው ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። የደካማ ሰው ጸሎት ነው ይላል በሆዱ። ከሆስፒታል ሲወጣ ሽማግሌው ግራ እጁን ይዘው ሳሙት። 

* * *

ቤት ከገባ በኋላ ባሰበት። እናቱ ልታጎርሰው ስትል ሳህኑን ገፋ። ወርክሾፕ ሄዶ በግራው ሊቆርጥ ሞከረ። መስታወት መቁረጥ የሁለት እጅ ሥራ ነው፤ አንዱ እጅ ማስመሪያውን አጥብቆ ይጫናል፣ ሌላው መቁረጫውን ይጎትታል። ጓደኛው «ማስመሪያውን እኔ ልያዝልህ» አለው። «ማስመሪያ ካስያዝኩማ ሞቻለሁ!» ብሎ ጮኸበት። ማስመሪያው ተንሸራተተ፤ የነካው መስታወት ሁሉ ተሰነጠቀ፤ በመጨረሻ ጠረጴዛውን በእርግጫ ብሎት ወጣ። ጓደኛው ከኋላው ስብርባሪውን ጠረገ።

ከዚያው ጓደኛው ነው ወሬውን የሰማው፦ ሐኪሟ ሙያዋን ለማሻሻል ወደ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው፤ ስታዘገየው የቆየችውን ነገር አባቷ ገፍተው አስጨረሷት፤ ቅዳሜ ትበራለች።

አርብ ረፋዱ ላይ ሙጫው ነጭ ሸሚዙን አወጣ። ሄዶ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ «ሂጂ፤ አትጠብቂኝ፤ እኔን እርሺኝ» ሊላት ቆርጦ ነበር። ይህን የሚላት ግን ደረቱን ነፍቶ፣ በደንብ ለብሶ፣ ማንም እንዳያዝንለት ሆኖ ነው። «ልርዳህ?» ብላ የጠየቀችውን እናቱን «ውጪልኝ!» ብሎ ጮኸባትና በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ብዙ ታገለ። በግራ እጁ ጠርዙን ይይዛል፤ ቁልፉ ያመልጠዋል። ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ ተጭኖ ጨርቁን ሊያስደግፍ ይሞክራል፤ ጣቶቹ እንደ እንጨት ይንሸራተታሉ። በጥርሱ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። አንዱን ቆለፈና ሲያየው በማይሆን ቀዳዳ ገብቷል። ያኔ አልጋውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የእናቱ ነጠላ ጫማ ይታየዋል። አልሄደችም። እንዳትገባ ጮኾባታል፤ እንዳትሄድ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም፤ እዚያው ቆማለች። ሙጫው ያንን ጫማ እያየ አንድ ነገር ገባው። ሕይወቱን ሙሉ ራሱን የቻለ ሰው ነኝ ሲል፣ እግዚአብሔርም እንዲህ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲጠብቀው ኖሯል። ሲስቅበትም፣ «ይለፈኝ» ሲለውም አላለፈውም። መስታወቱ ከጉሮሮው በጥቂት ሲርቅ፣ ደሙ ወለሉን ሲያለብስ፣ ነፍሱን የያዘው ያ የተበጣጠሰ እጁ እንዳልነበረ ታወቀው። ለካ እሱ የያዘው ሳይሆን እሱን የያዘው ነበር ያቆየው።

ጸሎት አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የሽማግሌው ነው።

«ጌታዬ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «እኔ አልቻልኩም። እንደምችል ሳስመስል ኖርኩ፤ ደከመኝ። እጄን ባትመልስልኝም እንኳ እኔን አትልቀቀኝ። አንተ ቻለኝ።»

ጣቶቹ አልታጠፉም። ክፍሉ ያው ክፍል ነው። ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ተሸክሞት የነበረ አንድ ከባድ ነገር ከትከሻው ወረደለት፤ እንደዚያ ሆኖ እስኪጠግብ አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ በሩን ከፈተ።

«እማዬ» አለ። «ቁልፉን ቆልፊልኝ።»

እናቱ ገባች። ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ቆለፈችለት። እጅጌውን አስተካክላ ስትጨርስ ግንባሯን ደረቱ ላይ አደረገች። ልጇ የተመለሰላት ገና ያን ጊዜ እንደሆነ ተሰማት።

* * *

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሟ ሕመምተኛ የሚቀመጥበትን ወንበር በነጭ ጨርቅ እየሸፈነች ነበር። የመስታወት ግድግዳው ቦታ ላይ አሁንም ፕላስቲክ ተወጥሯል። ሙጫው ፕላስቲኩን ገልጦ ሲገባ ጨርቁ ከእጇ ወደቀ።

«ሌላ ሰው አላስገጠምሽም?» አላት። ስንት ነገር ሊል መጥቶ አፉ የቀደመው በዚህ ነው።

«ሌላ ሰው ገጥሞልኝ በየቀኑ እያየሁት ልኑር?» ድምጿ ቁጣ ነበረው፤ ዓይኗ ግን ቁጣ አልነበረውም። «ልትወቅሰኝ ከሆነ የመጣኸው፣ ወቀሳውን እኔው ራሴ ጨርሼዋለሁ። በየቀኑ ያቺን ‹ሙጫዬ› ያልኩባትን ደቂቃ እመልሳታለሁ። ምነው ምላሴ ተቆርጦ በቀረ!»

ሙጫው ባለበት ደረቀ። «አንቺ… አንቺ ያደረግሽው መስሎሽ ነው?»

«ፊትህን አዙረህብኝ አልነበረም?»

«እንባዬን እንዳታዪ ነው ያዞርኩት!»

ተያዩ። 

«ስሚኝ» አላት ቀረብ ብሎ። «ጓደኛዬም ደንግጦ ነበር፤ እሱ ግን ለቀቀ። እኔም መልቀቅ እችል ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ። ግን አባትሽ ደረጃው ላይ ነበሩ፤ በፊታቸው መስታወት የጣለ ሰው ሆኜ ልጅዎን ይስጡኝ ማለት አልፈለግሁም። እጄን የቆረጠው ትዕቢቴ ነው፤ አንቺ አይደለሽም። አንቺማ በስሜ ጠራሽኝ፤ ከሰማኋቸው ድምፆች ሁሉ ደስ የሚለኝ እሱ ነው።»

እሷ እጁን፣ ያንን የማይታጠፈውን፣ በሁለት እጇ አነሳችው። ድሮ ቢሆን ይነጥቃት ነበር፤ አሁን ተወላት።

«ሆስፒታል ያለቀስኩት አዝኜልህ መሰለህ?» አለችው። «እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነበር እኮ፣ አንተ ደንቆሮ።»

ከበሩ በኩል ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ። አባቷ ነበሩ፤ የጉዞ ወረቀቶቿን በእጃቸው ይዘዋል። ምን ያህል እንደሰሙ አይታወቅም። ከሙጫው ፊት ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ ልጃቸው አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ ድምፃቸው አልጮኸም፤ እሱ ነው የከበደው። «የደረሰብህ ነገር ያሳዝነኛል፤ ቤቴ ውስጥ ነው የደረሰብህ። ግን አባት ነኝና ልጠይቅህ። ልጄን ልትይዛት የምታስበው በየትኛው እጅህ ነው?»

«አባዬ!» አለች ሐኪሟ።

«ተይው» አላት ሙጫው። መሸሽ አላማረውም። «ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። ከአደጋው በፊት ቢጠይቁኝ ሁለቱንም ዘርግቼ አሳይዎት ነበር፤ በነሱ ነበር የምመካው። ዛሬ ይህ ቀኝ እጄ የራሴን ሸሚዝ እንኳ አይቆልፍም። ጠዋት የቆለፈችልኝ እናቴ ናት። መሬት ላይ ወድቄ እግዚአብሔርን ቻለኝ አልኩት፤ ቻለኝ። እኔ ራሴ የተያዝኩ ሰው ነኝ ጋሼ። እሷንም የሚይዛት እኔን የያዘኝ ነው፤ እኔ ከጎኗ እሆናለሁ።»

«እና እግዚአብሔር ይዞኛል ብለህ እጅህን አጣጥፈህ ልትቀመጥ?»

«አልቀመጥም። ነገ ጠዋት ሥራ እገባለሁ። በግራዬ ነው የምቆርጠው፤ ማስመሪያውን ጓደኛዬ ይይዝልኛል። እስከ ዛሬ እምቢ ብዬው ነበር፤ ዛሬ ማታ ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። አቆራረጤ ገና ጠማማ ነው።»

«ጠማማ መስታወት ማን ይገዛልሃል?»

«ቀጥ እስኪል ድረስ ማንም።»

አባትየው ሊስቁ ያሉ መሰለ፤ ዋጡት። ማንም ደግፏቸው እንደማያውቅ ሲናገሩ የኖሩት ሰው፣ የዚህን ልጅ ፊት አተኩረው አዩ። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። አልሄዱም።

ሙጫው ወደሷ ዞረ። ከቤቱ ሲወጣ ይዞት የመጣው ንግግር በልቡ የለም፤ «እርሺኝ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ቀርቷል። በምትኩ የመጣው በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀው ነገር ነው። አስፈራው። ግን ጠዋት መሬት ላይ ተቀምጦ ከዚህ የሚከብደውን ብሏል።

«ሂጂ፤ ተማሪ» አላት። «መንገድሽን አልዘጋም። ከባድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ እምቢ ብትዪም አልፈርድብሽም። ጠብቂኝ።»

እሷ እንባዋ በጉንጯ ላይ እየወረደ ቀና አለች። ሰምታዋለች፤ ግን ያ ትዕቢተኛ፣ ያ ከማንም ምንም የማይጠይቅ ሰው ነው እንዲህ ያለው፤ ጆሮዋን አላመነችውም።

«ምን አልክ?» አለችው። «ደግመህ በለው።»

አባቷ በሩ ላይ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ሰው ያልፋል። ፕላስቲኩ ሁሉን ያሳልፋል፤ ድምፅ አይከለክልም። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በመረጠ ነበር። እሱ ግን ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ደገመው።

«እለምንሻለሁ፣ ጠብቂኝ።»

«እሺ» አለች እሷ እያለቀሰችም እየሳቀችም። «እሺ፣ እሺ።»

በዚያ ሁሉ ዕድሜው እንዲህ ብሎ ሰው ለምኖ አያውቅም ነበር፤ እንዲህም ቀሎት አያውቅም።